ጋራዥ በውርጭ አገር፦ ማሞቂያ ከመገዛቱ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱን ከውርጭ ጋር ታድራለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ወርዶ በመታየቱ እንደሆነ ይነገራል፤ ሙቀቱ ግን አብሮ አልወረደም።

በእንዲህ ያለ ከተማ የግቢ ጋራዥ የመኪና ማደሪያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሩ ወደ መንገድ የወጣ ከሆነ ልብስ ሰፊው፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ጸጉር ቤት ከፋቿ፣ ሱፍ ፈታዩ ይከራየዋል። ባለቤቱም ቢሆን የጎን ሥራውን የሚጀምረው እዚያው ነው። ችግሩ የሚመጣው ጠዋት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የላሜራ በሩና የቆርቆሮ ጣሪያው የሌሊቱን ብርድ ይዘው ስለሚቆዩ መርፌ የሚይዝ ጣት አይታዘዝም፤ ደንበኛም ቆሞ አይጠብቅም። በቀን 4 የሥራ ሰዓት ማጣት ደግሞ ለአነስተኛ ንግድ የኪራዩን ግማሽ እንደማጣት ነው።

የተለመደው መፍትሔ ከሰል ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ በደጋው አገር ደጋግሞ የተሰማ ነው። ብርዱን ለመከላከል በሩ ጥርቅም ተደርጎ የሚዘጋ ጋራዥ ለዚህ አደጋ የተመቸ ክፍል ነው። በሩ ተዘግቶ መኪና አስነስቶ ማሞቅም ያው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ኤሌክትሪክ ወይስ ከሰል ሳይሆን፣ የትኛው ኤሌክትሪክ ማሞቂያና በየትኛው መስመር ላይ የሚል ይሆናል።

በቅድሚያ በገበያው ላይ ስለሚነገር አንድ ወሬ። ሻጮች አንዱን ማሞቂያ "ኤሌክትሪክ የማይበላ" ሌላውን ደግሞ "በላተኛ" ይሉታል። በሽቦ ግለት የሚሠራ ማሞቂያ ሁሉ፣ ማራገቢያ ያለውም ሆነ በዘይት የተሞላው ወይም እንደ ፍም የሚቀላው፣ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሙቀት እኩል ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ በሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህ የሚለየው ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችለው ኤይር ኮንዲሽነር ሲሆን፣ ሙቀቱን ከውጭው አየር ስቦ ስለሚያስገባ ለአንድ አሐድ ኤሌክትሪክ እስከ ሦስት እጥፍ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ብርዱ ሲበረታ ግን ይህ ብልጫው ይቀንሳል። የመግዣውና የመትከያው ወጪ ከፍ ያለ በመሆኑ ለአንድ ልብስ ሰፊ ጋራዥ ገና የሚመከር አይደለም።

ታዲያ ስንት ዋት ያስፈልጋል? ብዙ ገዥዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ለምሳሌ ያህል 3 ሜትር በ6 ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ የሆነ ጋራዥ እንውሰድ። አንደኛው ረጅም ግድግዳ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው እንበል። ጠዋት ውጭው 1 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 16 ዲግሪ ለማድረስ ቢፈለግ ልዩነቱ 15 ዲግሪ ነው። እርቃኑን የቆመ ቆርቆሮ በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 7 ዋት ያህል ያሾልካል፤ 18 ካሬው ጣሪያ ብቻ 1,890 ዋት ይወስዳል ማለት ነው። ለላሜራው በር ወደ 475 ዋት፣ ለውጭ ግድግዳዎቹ ወደ 970 ዋት፣ በበሩ ሥርና በስንጥቁ ለሚገባው ንፋስ ደግሞ ወደ 340 ዋት ይታሰብ። ድምሩ ወለሉን ሳይጨምር 3,700 ዋት ገደማ ይመጣል። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ የገዛ ሰው "አይሞቅም፣ ተታለልኩ" ቢል አይፈረድበትም፤ ያታለለው ግን ሻጩ ሳይሆን ጣሪያው ነው።

አሁን በዚያው ጋራዥ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም የተነጠፈበት የችፑድ ኮርኒስ ይመታ። ከጣሪያው የሚሾልከው ወደ 200 ዋት ይወርዳል። በሩ ከውስጥ በኩል በዚያው ዓይነት ሲለበድና ሥሩ ላይ ጎማ ሲደረግለት በበሩና በንፋሱ የሚጠፋው በአንድ ላይ 270 ዋት ያህል ይሆናል። ግድግዳው እንዳለ ቢተው እንኳ ድምሩ 1,450 ዋት አይዘልም። አንድ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ይበቃዋል። የማዳበሪያ ኮርኒስ እንኳ ንፋሱን በመግታት ከምንም ይሻላል፤ እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ግን ከማሞቂያ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ባይውል ይመረጣል። ፎሙም ቢሆን በችፑድ መሸፈን አለበት እንጂ ተጋልጦ አይተውም።

በብር ሲተመን ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጻል። ለስሌት እንዲመች የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 5 ብር ነው እንበል። ያልተለበደው ጋራዥ በቀን 4 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሞቅ 385 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ 1,924 ብር ነው። የተለበደው ግን 151 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 754 ብር ያህል ይበቃዋል። ልዩነቱ በወር 1,170 ብር፣ በአምስቱ የብርድ ወራት 5,850 ብር ይሆናል። የአናጢውንና የዕቃውን ዋጋ ከዚህ ቁጥር ጎን አስቀምጦ ኮርኒሱ በስንት ክረምትና በጋ ራሱን እንደሚመልስ ማየት የባለ ሥራው ፋንታ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባር ላይ ያዋለው ታሪፍ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያደገ የሚሄድ በመሆኑ፣ ኮርኒሱ የሚያድነው ገንዘብም አብሮ ያድጋል። የማሞቂያው ዋጋ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደመሆኑ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ከሚወሰን ምንዛሪ ጋር ታስሯል። ችፑድና የአናጢ እጅ ያን ያህል ዶላር አይከተሉም።

እዚህ ላይ ተከራይና አከራይ የሚጣሉበት ነገር አለ። ጋራዡና መኖሪያ ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ አሐድ ዋጋ የሚጨምርበት ነው። ተከራዩ ማሞቂያ ሲሰካ የሚጨምረው የራሱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቷ እንጀራ የምትጋግርበትም ዋጋ ከፍ ወዳለው እርከን ሊገባ ይችላል። "ሂሳቡን እኩል እንካፈል" የሚለው የበጋ ስምምነት በኅዳር የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለጋራዡ የተለየ ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም፣ ልዩነቱንም በቁጥር መተሳሰብ ጠብ ያስቀራል። ቦታው በይፋ ለንግድ የሚውል ከሆነ የሚከፈልበት ታሪፍም የመኖሪያ ቤቱ አይሆንም፤ ይህን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ሌላው ኮርኒሱ ነው። በሰው ቤት ላይ ኮርኒስ የሚመታ ተከራይ፣ ሲለቅ ነቅሎ የሚወስደው ወይስ ከኪራይ የሚታሰብለት መሆኑን በውሉ ላይ ካላስጻፈ፣ የሚያሞቀው ከሱ ቀጥሎ የሚገባውን ተከራይ ነው።

የማሞቂያው ዓይነት የሚመረጠው በሥራው ነው። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ለሚውል ሱቅና ጸጉር ቤት አየሩን ማሞቅ ከንቱ ነው፤ ሙቀቱ ከደንበኛው ጋር ይወጣል። ለዚህ የሚሻለው ጨረሩ በቀጥታ ሰውን የሚያሞቀው፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚሰቀለው የኳርትዝ ማሞቂያ ነው። ተዘግቶ ለሚውል ክፍል፣ ተቀምጠው ለሚሠሩ ሰዎች በዘይት የተሞላው ይመቻል፤ ለመሞቅ ይዘገያል እንጂ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሙቀት ይሰጣል። ማራገቢያ ያለው ቶሎ ያሞቃል፤ ነገር ግን ሱፍ በሚፈተልበት ወይም እንጨት በሚላግበት ቦታ ብናኙን ስቦ የጋለ ሽቦ ላይ ስለሚያሳርፍ አይመከርም። በዚህ ዓይነቱ ማሞቂያ ላይ ሌላም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ከሽቦው ላይ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ ማሞቂያው ራሱ ይግላል፣ መጠበቂያውም ቶሎ ቶሎ ያጠፋዋል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸውን የሚፈትሹት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ስለዚህ ማራገቢያ ያለውን የሚገዛ ሰው ከሚያስፈልገው ከፍ ያለ ዋት መርጦ በዝቅተኛው እርከን ቢሠራበት ዕድሜው ይረዝማል።

በደብረ ብርሃን በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሚገኘው አንኮበር ሁኔታው ትንሽ ይለያል። እዚያ ከውርጩ ይልቅ ከገደሉ ሥር እየተነሣ የሚወጣው ጉም ነው የሚያስቸግረው። እርጥበቱ መሣሪያ ያዝጋል፣ ሶኬት ውስጥም ይገባል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ከውኃ ፍንጣቂ የተጠበቀ፣ በገላው ላይ "አይፒ 24" ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ማሞቂያ መምረጥ ይገባል።

መኪናው ከጋራዡ ያልወጣ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። የሚቀላ ሽቦ ያለው ማሞቂያ ወለል ላይ ማስቀመጥ፣ የቤንዚን ጀሪካን ወይም ሞተር ብስክሌት ባለበት ክፍል፣ ክብሪት ጭሮ እንደመተው ነው። ቢያንስ ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ጀሪካኑ ግን ጭራሹን ከዚያ ክፍል መውጣት አለበት። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን አደጋ ቢያስቀሩም ሌላ ያመጣሉ። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ብቻውን 32 አምፔር ይስባል። ማሞቂያና ቻርጀር በምንም መንገድ በአንድ መስመር ላይ መዋል የለባቸውም።

ከዚህ የሚቀጥለው የመስመሩ ጉዳይ ነው፤ ቃጠሎ የሚነሣውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል፣ ባለ 3,000 ዋት ወደ 14 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ 16 አምፔር። ምጣዱና አንድ ባለ 2,000 ማሞቂያ አብረው ከበሩ 25 አምፔር ይሆናል። ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ከዚህ ጋር ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካልበቃ፣ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ሳይሆን ከፍ ያለ ኃይል እንዲፈቀድ ለአገልግሎቱ ማመልከት ነው መንገዱ፤ ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነውና።

ለጋራዡ ከብሬከር ሳጥኑ የተነሣ የራሱ መስመር ይሳብለት። ለባለ 2,000 ዋት 2.5 ሽቦ ከባለ 16 አምፔር ብሬከር ጋር ይበቃል፤ ለባለ 3,000 ወይም ርቀቱ ለረዘመ 4 ሽቦ ቢሆን ይመረጣል። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ሽቦ ላይ ማሞቂያ አይሰካም። የመሬት ሽቦው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሬት መግባቱም ይረጋገጥ፤ በላሜራ በርና በእርጥብ ወለል መካከል የሚሠራ ሰው ሕይወቱ እሱ ላይ ነው። ኤክስቴንሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማሞቂያው ከልብስ፣ ከችፑድና ከፎም ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋና ቴርሞስታት ያለው ይሁን።

ቮልቴጅ ሲወርድም ሙቀት ይወርዳል። መስመሩ ከ220 ወደ 190 ቮልት ሲወርድ የባለ 2,000 ዋቱ ማሞቂያ ኃይል ወደ 1,490 ይቀንሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት "ዛሬ ምን ሆነ" የሚያሰኘው ይኸው ነው። ከላይ የተለበደው ጋራዥ 1,450 ዋት ይበቃዋል መባሉን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ባለ 2,000ው ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ለማመን የሚቸገር ገዥ፣ ወይም ብዛት ያለው ዕቃ ከመረከቡ በፊት ናሙና መፈተሽ የሚፈልግ ነጋዴ፣ ቆጣሪው ይመሰክርለታል። ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ ይጥፋ፤ ቴርሞስታቱ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ማሞቂያው ብቻውን አንድ ሰዓት ይሥራ። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ባለ 2,000 ዋት የተባለው ቆጣሪውን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ማስቆጠር አለበት። 1.2 ካስቆጠረ የተሸጠው ባለ 1,200 ነው። በዚያው ሰዓት መጨረሻ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ስፒናው ከሶኬቱ ተነቅሎ በእጅ ይነካ። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው። እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል፤ ኤሌክትሪክ ሠሪው በዚያው ቀን ተመልሶ ይጠራ።