በበለሱ ላይ ያለው ጥጥ ምንድን ነው?

በለስ በትግራይና በራያ ላለው ገበሬ አጥር ብቻ አይደለም። በክረምት ጎተራው ሲራቆት ፍሬው ይበላል፣ ይሸጣል። በበጋ ሣር ሲጠፋ ቅጠሉ እሾሁ ተለብልቦ ለከብት ይሰጣል። እንግዲህ በለስ ሲታመም የክረምቱ ጉርሥና የበጋው መኖ አብረው ይታመማሉ ማለት ነው።

በቅጠሉ ላይ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ሲታይ አንዳንዱ «አቧራ ነው» ይላል። ሌላው «ሻጋታ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይለቃል» ብሎ ይተወዋል። ከመገመት መሞከር ይሻላል። ነጩን ነገር በእንጨት ጫፍ ጫን አድርጉና እዩ። እንደ ደም የቀላ ፈሳሽ ከወጣ ኮቺኒያል የሚባለው ተባይ ነው። ቀይ ሳይወጣ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ሌላ ተባይ ነው፤ እሱም ይፋቃል፣ በሳሙና ይታጠባል። ቅጠሉ ልሞ ከሸተተ ግን ብስባሽ ስለሆነ ማጠብ አይረዳውም። በንጹሕ ቢላዋ ቆርጦ መጣል ነው።

ኮቺኒያል የአገራችን ተባይ አልነበረም። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ በተለይ በፔሩ ሰዎች ከበለስ ላይ ለቅመው፣ አድርቀው ቀይ ቀለም ይሠሩበታል። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ተባይ ከ100 ሺህ በላይ ነፍሳት ይለቀማሉ። ወደ ትግራይም የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለዚሁ ለቀለም ገቢ ተብሎ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በጊዜው ያልተለቀመው ተራባ፤ በደቡብ ትግራይ የብዙ ገበሬ በለስ ደረቀ።

እናቲቱ ክንፍ የላትም። አፏን በቅጠሉ ውስጥ ተክላ ውሃውን እየመጠጠች በአንድ ቦታ ትኖራለች። ነጩ ነገር ከገላዋ የሚወጣ ሰም ነው። ለእርሷ እንደ ገሣ ነው፤ ውሃ ቢፈስበት ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ስለዚህ ሳይፋቅ ከላይ ውሃ ወይም መድኃኒት ማርከፍከፍ ድካም ነው። አንዲት እናት በመቶ የሚቆጠሩ ግልገሎች ትፈለፍላለች። ግልገሎቹ በዓይን ለማየት ያስቸግራሉ። በንፋስ፣ በልብስና በከብት ጠጉር ይሄዳሉ። ከሁሉ ይልቅ ሩቅ የሚያደርሳቸው ግን ሰው ለተከላ ወይም ለመኖ የሚሸከመው የታመመ ቅጠል ነው። ኃይለኛ ዝናብ ብዙዎቹን ያጥባቸዋል፤ በበጋ ግን ይበረታሉ። ዝናቡ ሲያባራ ጀምሮ በለሱን ዞር ዞር እያላችሁ እዩ። ጥላ ያለበትንና ቅጠል ከቅጠል የሚጋጠምበትን አትለፉ፤ መደበቂያቸው እዚያ ነው።

ጥቂት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በሻካራ መጥረጊያ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ነጩን ሁሉ ፍቁት። ከዚያ በግማሽ ጀሪካን ውሃ፣ ማለት በ10 ሊትር፣ 100 ግራም ያህል የልብስ ሳሙና ፍቃችሁ አሟሙና እጠቡት። ፀሐይ ሲከር አይደረግም፤ በጧት ወይም ወደ ማታ ይሁን። በመጀመሪያ በአንድ ቅጠል ሞክሩ፤ በሁለት ቀን ካላቃጠለው ቀጥሉ። ቤት የተረፈ የሰብል ወይም የከብት መድኃኒት አለ ብላችሁ እንዳትረጩ። ፍሬውን እኮ ልጆች ናቸው ከዛፉ ቆርጠው የሚበሉት!

ነጭ የለበሰውን ቅጠል ቆርጣችሁ እዚያው አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ። ለከብት ይሰጥ ከተባለም እዚያው በእሳት በደንብ ይለብለብ፤ ተሸክሞ መንደር ማቋረጥ አይገባም። ሥራው ሲያልቅ መጥረጊያውንና ልብሱን እጠቡ። የጎረቤት በለስ በዚያው ሳምንት ካልታጠበም ንፋሱ ይመልሰዋልና አብራችሁ ተነሡ።

አንዴ ማጠብ አይበቃም፤ በስንጥቅ የቀሩ ግልገሎች አሉ። በ10 ቀን ተመልሳችሁ እንደገና ፍቁ፣ እጠቡ። የታጠበበትን ቀንና ነጭ ያለበትን ቅጠል ብዛት በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ስትቆጥሩ ቁጥሩ ካልቀነሰ ያልታየ ቅጠል አለና ከሥር ከሥሩ ፈልጉት።