ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሕፃናት ሰውነት የሚከሠተው ብግነትና የሆርሞኖች ምላሽ

3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም ወደ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንባቢ መጠኑን እንዲገምት ያህል፣ አንድ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እንኳ አይሞላም። ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ጉድለት ያለበት ሕፃን ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ይህ ጥቂት ደም ከሰውነቱ ወጥቶ በቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፤ ኦክስጅን አግኝቶም ይመለሳል። ልብንና ሳንባን ለጊዜው የሚተካው ይህ መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊበን በተሳካ ሁኔታ ከተጠቀመበት ወዲህ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ደም ግን የመሣሪያውን ገጽ እንደ ባዕድ ይቈጥረዋል።

በመሆኑም ኮምፕሊመንት የተባሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያሉ ሳይቶካይን የተሰኙ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ይህ ምላሽ ብግነት ይባላል። በጣት ላይ እንዳለ ቍስል በአንድ ስፍራ ቢወሰን ባላሳሰበ ነበር፤ እዚህ ግን መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ሕፃኑ ያብጣል፣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፣ ልቡም ይደክማል። ደሙ የሚነካው የመሣሪያ ገጽ ከደሙ መጠን አንጻር እጅግ ሰፊ ስለሆነ ችግሩ ከዐዋቂዎች ይልቅ በጨቅላዎች ይብሳል።

ሰውነትም በሆርሞኖቹ አማካይነት መልስ ይሰጣል። አንጎል በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ከኩላሊቶች በላይ የሚገኙትን አድሬናል ዕጢዎች ያዝዛል፤ እነርሱም የደም ግፊትን የሚደግፈውንና የሳይቶካይኖችን ምርት የሚገታውን ኮርቲሶል ያመነጫሉ። በአንጻሩ ቲ-3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን፣ ዕጢው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ለተወሰኑ ቀናት ዝቅ ይላል። ይህ ጉልበት የመቈጠብ ብልኃት ነው ወይስ ሊሟላ የሚገባው ጉድለት? ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ኮርቲሶል ብግነትን የሚገታ ከሆነ፣ እርሱን የመሰለ ስቴሮይድ አስቀድሞ መስጠት ተገቢ ይመስላል፤ ብዙ ሐኪሞችም ለዓመታት ይህንኑ አድርገዋል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በ24 የሕክምና ማእከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ጥናት ሐሳቡን ፈትኖታል። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ 1,200 ያህል ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው፣ ለገሚሶቹ በመሣሪያው ውስጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ተጨመረ። በሞትና በከባድ ችግሮች ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ኢንሱሊን ያስፈለጋቸው ግን መድኃኒቱን ካገኙት 19 በመቶ፣ ካላገኙት 7 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሐኪሞች ስቴሮይድን ለሁሉም ከማዳረስ ይልቅ፣ የደም ግፊቱ በሌሎች መድኃኒቶች አልስተካከል ላለው ሕፃን ብቻ መስጠትን ይመርጣሉ።