ነዳጅ በጦርነት ጊዜ

የኩራዛችን ላምባ፣ የወፍጮአችን ናፍታ ከየት ይመጣል? ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ጦርነት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ ቶሎ ይቆረጣል።

የጥንት ሲራራ ነጋዴ ሽፍታ ሲፈራ ብቻውን አይሄድም ነበር። ከባልንጀሮቹ ጋር ተጠባብቆ ይጓዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከቦችም እንዲሁ አደረጉ። ብዙ ሆነው ይሰለፋሉ፤ የጦር መርከቦች ዙሪያቸውን ይጠብቃሉ። ይህ አጀብ ኮንቮይ ይባላል። የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ነዳጅ የጫነውን ከመታ ግን እሳቱ ባሕሩን ያለብሰዋል። በዚያ ጦርነት ከ3,000 በላይ የኖርዌይ መርከበኞች አልቀዋል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጣቢያው ለገሃር ቂርቆስ ውስጥ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲመጣ የሐዲዱ ድልድዮች ፈረሱ፤ ባቡሩም ቆመ። ያን ጊዜ የከተማው ኑሮ በአሰብ መንገድ ላይ ወደቀ። አሰብ በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የነዳጅ ማጣሪያ ነበራት፤ ዛሬ ተዘግቷል። የቦቴ ሾፌሮች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃና ዳገት እያቋረጡ ነዳጁን ለአዲስ አበባ፣ ለቂርቆስም ለካዛንቺስም ያደርሱ ነበር።

ወታደር ያለ ስንቅ አይዋጋም እንላለን። ስንቁን የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ያልያዘ ሾፌርና መርከበኛ ነው። ስለ ጦርነት ስናወራ እነሱንም እንቁጠራቸው።

ጥያቄ፦ የሲራራ ነጋዴና የመርከብ አጀብ በምን ይመሳሰላሉ?