ርኅራኄና ዕውቀት በሕሙማን አልጋ አጠገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤ ሕሙማንን መጠየቅ ጌታችን በመጨረሻው የፍርድ ቀን ከሚመረምረን ነገሮች አንዱ መሆኑን ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተምረናል። ስለዚህም ተሰብስበን ወደ ሕሙማን እንሄዳለን፤ እንዘምራለን፤ ብርቱካን እናስቀምጣለን፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን እንመለሳለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን ለታመመ ሰው ይበቃልን? የዘመናዊ ነርስነት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላለው በአጭሩ እንመልከተው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጥንታዊው መሠረት

ሕሙማንን ማስታመም ከቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ ያደገ አገልግሎት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 16 ላይ የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለነበረችው ለፌቤን፣ ብዙዎችን የረዳች መሆኗን መስክሮላታል። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቅዱስ ባስልዮስ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድሆች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ፤ የሚያክሙና የሚያስታምሙ ሰዎችንም መደበ። ሰው ሁሉ ይሸሻቸው የነበሩት ለምጻሞች ሳይቀሩ በዚያ መጠጊያ አገኙ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ይህ ሥራ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ክብሩን አጣ። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሆስፒታል ያስታምሙ የነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ ትምህርት ያልተሰጣቸው፣ ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ፣ በሕዝቡም ዘንድ የተናቁ ነበሩ። የባለጸጋ ልጅ በዚያ ብትገባ ለቤተሰቧ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር።

2. የካይዘርስቬርት ትምህርት ቤት

በ1836 በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በካይዘርስቬርት፣ ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለው የፕሮቴስታንት ፓስተርና ባለቤቱ ፍሪደሪከ፣ የጥንቱን የሴቶች ዲቁና መነሻ አድርገው ሴቶች ሕሙማንን ማስታመም የሚማሩበትን ቤት ከፈቱ። እስረኞችን በመርዳት የታወቀችው እንግሊዛዊት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ፍራይም በ1840 ይህን ቤት ጎብኝታ በዚያው ዓመት በለንደን የአስታማሚ እኅቶች ማኅበር አቋቋመች። እንግዲህ ማስታመም ደግ ልብ ብቻ ሳይሆን ትምህርትም የሚጠይቅ መሆኑ በዚህ ዘመን መታወቅ ጀመረ።

3. ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣልያ፣ በፍሎረንስ ከተማ፣ በ1820 ሜይ 12 ቀን ተወለደች። ነርስ ልሁን ባለች ጊዜ እናቷና እኅቷ አጥብቀው ተቃወሟት። እርሷ ግን እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት ታምን ስለ ነበር ለብዙ ዓመታት ታግሣ፣ በ1851 በካይዘርስቬርት ሦስት ወር ያህል ተማረች።

በዚያን ዘመን ሩስያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር በክሪሚያ ትዋጋ ነበር። በ1854 ወይዘሪት ፍሎረንስ 38 ሴቶችን ይዛ በቁስጥንጥንያ ትይዩ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። ምግቡን አሻሻለች፤ ልብሱ እንዲታጠብ አደረገች፤ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በሕሙማን መካከል ትዘዋወር ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሲደረግ ሞቱ በረታ እንጂ አልቀነሰም። በ1855 ፌብሩዋሪ ወር በተመዘገበው ቁጥር ከ100 ሕሙማን 42 ያህሉ ሞቱ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ሕንፃው የተሠራው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነበር፤ የሚጠጣው ውኃ የቆሸሸ፣ አየሩም የተበከለ ነበር። በማርች ወር ከእንግሊዝ የተላከው የንጽሕና መርማሪ ቡድን ቦዩን አስጠረገ፤ የውኃውን መንገድ አጸዳ፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀባ። በጁን ወር የሚሞተው ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ።

ወይዘሪት ፍሎረንስ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ከስታቲስቲክስ ዐዋቂው ከዊልያም ፋር ጋር ሆና የሟቾቹን መዝገብ መረመረች። ከቁስል ይልቅ ብዙ ወታደር የገደሉት ተስቦ፣ ኮሌራና ተቅማጥ መሆናቸውን አረጋገጠች። ውጤቱ እርሷ ራሷ ያገለገለችበትን ሆስፒታል የሚወቅስ ነበር፤ ሆኖም ወደ ኋላ አላለችም፤ በ1858 ቁጥሩን በቀለም በተለየ ሥዕል አድርጋ ለባለሥልጣኖች አቀረበች። በ1860 ደግሞ ሕዝቡ ለምስጋና ባዋጣው ገንዘብ በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ የወጡት ተማሪዎች ሙያውን ወደ ብዙ አገሮች አደረሱት።

4. ሊረሱ የማይገባቸው ሌሎች

በዚያው ጦርነት ጊዜ የጃማይካ ተወላጅ የሆነችው ጥቁሯ ሜሪ ሲኮል ለማስታመም ብትጠይቅ አልተቀበሏትም። እርሷ ግን በራሷ ወጪ ሄዳ በባላክላቫ አቅራቢያ ለወታደሮች ምግብ፣ ማረፊያና መድኃኒት የሚገኝበት ቤት ከፈተች። በሩስያ ወገን ደግሞ ታላቋ ልዕልት የሌና ፓቭሎቭና በ1854 በመስቀል በዓል ስም የተሰየመ የምሕረት እኅቶች ማኅበር በፔተርስበርግ አቋቋመች። ታዋቂው ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭ እነዚህን እኅቶች በሴባስቶፖል ሲያሠማራ ገሚሶቹን ለቁስል ማሰር፣ ገሚሶቹን ለመድኃኒት፣ ገሚሶቹን ለቤት አያያዝ መደባቸው። የኦርቶዶክስ ልጆች ርኅራኄያቸውን በሥርዐት ያገለገሉበት መሆኑን ልብ እንበል።

የአገራችንም ልጅ አለች። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ተማሪ ሠርተው በ1939 በነርስነት ተመረቁ። በ1942 ገና በ22 ዓመታቸው በነቀምት ቢያርፉም፣ በስማቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠርቷል። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛ አልጋ ካነጠፈች፣ ይህን ሥራ ማን ሊንቀው ይችላል?

5. ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ወይዘሪት ፍሎረንስ በ1859 ስለ ነርስነት የጻፈችው መጽሐፍ የታሰበው ለሙያተኞች ብቻ አልነበረም፤ በየቤቱ በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሁሉ ነው። ከምክሮቿ አራቱን ወደ እኛ ኑሮ እናምጣቸው።

አንደኛ፣ በሽተኛውን ሳይበርደው ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው። እኛ «ብርድ ይመታዋል» ብለን መስኮቱን ሁሉ እንዘጋና ሃያ ሰው በአንድ ክፍል እንታጨቃለን። ሁለተኛ፣ አስታማሚ እጁን ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ሦስተኛ፣ ጩኸትንና ባዶ ማጽናኛን መተው ነው። ሕመሙን ሳያውቁ «ምንም የለብህም» ማለት በሽተኛውን ብቻውን እንደ መተው ነው፤ «ጸበል ከጀመርህ መድኃኒቱን ተው» የሚል ጠያቂማ ከማጽናናት አልፎ ይጎዳዋል። ጸሎቱና ጸበሉ ከሐኪም ትእዛዝ ጋር አይጣሉምና። አራተኛ፣ እኛ በሌለንበት ሰዓትም ነገሩ እንዲከናወን ማድረግ ነው።

ስለዚህ ለጥየቃ ስንሄድ ጥቂት ሆነን እንሂድ፤ ዝማሬያችንም ዝግ ያለ ይሁን። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈን በአልጋው አጠገብ እንለጥፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ የምትቀመጠዋን እናት ወይም እኅት እንጠይቃት፤ ተራ ገብተን አንድ ሌሊት እናሳርፋት። በመካከላችን ነርስ የሆኑ ካሉም በአንድ እሑድ እንዲያስተምሩን እንለምናቸው።

ደጉ ሳምራዊ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያደረገውን እናስታውስ። አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ቁስሉን በዘይትና በወይን አክሞ አሰረ፤ ወደ ማደሪያ ወሰደው፤ በሄደም ጊዜ ለእንግዶቹ ቤት ጠባቂ ገንዘብ ሰጥቶ አደራ አለ። ርኅራኄው ያወቀና እርሱ ከሄደ በኋላም የሚሠራ ነበር። የእኛም እንዲሁ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።