ማን እያባረረሽ ነው?

ልጄ፣

ማክሰኞ ማታ ጫማሽን አንጠልጥለሽ መጥተሽ በረንዳዬ ላይ ስትቀመጪ፣ ላብሽና እንባሽ አይለይም ነበር። ከዞን ውድድር 7ኛ ወጥተሽ መመለስሽ ነው። «እትዬ፣ አበቃልኝ፤ 17 ዓመት ሞላኝ እኮ» አልሽኝ። እኔ 58ኛዬን ይዤ ቡና እያፈላሁ ነበርና ሳቄ አመለጠኝ። ተቀይመሽኝ ሄድሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ማታ ልነግርሽ የሚገባኝን አሁን ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ቁጥር የሰጠሁት ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ዘመኑንም በኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

1. በአንዲት ጣልያን ልጀምር። አባቴ ጣልያንን የሚያውቀው በልጅነቱ፣ በ1933 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ ከቡሬ ለቆ በኛ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ ነው። እኔ የማውቃት ጣልያን ግን ራኬት የያዘች ናት። መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ፍኖተ ሰላም ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ሌሎቹ በልተው ጠጥተው ሲተኙ፣ እኔ በዲሹ የሜዳ ቴኒስ አገኘሁ። ኒው ዮርክ፣ የአሜሪካ ኦፕን የሴቶች ፍጻሜ። ሁለቱም ጣልያኖች ናቸው፤ ፍላቪያ ፔኔታ የብሪንዲዚ፣ ሮቤርታ ቪንቺ የታራንቶ ልጅ። ሁለቱ ከተሞች እንደ ደምበጫና ቡሬ ያህል የሚራራቁ ናቸው። በልጅነታቸው ጥንድ ሆነው አብረው የተጫወቱ ሁለት ሴቶች፣ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው በዓለም ትልቁ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ቪንቺ በዋዜማው ሴሬና ዊሊያምስን አሸንፋ ዓለምን አስደንግጣለች።

ፔኔታ አሸነፈች። ዕድሜዋ 33 ነበር። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ግራንድ ስላም ከሚሏቸው፣ በአንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የነጠላ ዋንጫ ስታነሳ 49ኛ ሙከራዋ ነው። ቁጥሩን ድገሚው እስኪ። 48 ጊዜ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ያለ ነጠላ ዋንጫ ተመልሳለች። ከሦስት ዓመት በፊት የእጅ አንጓዋ ተቀዶ፣ በደረጃ ከመቶዎቹ ውጪ ወርዳ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ሁለቱ መረቡ ጋ ተቃቀፉ፤ ሽልማቱ እስኪዘጋጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጎረቤት ለቡና እንደ ተጠራራ ያወሩ ጀመር። እኔም አብሬያቸው ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ፔኔታ ዋንጫውን ይዛ፣ በዚያው መድረክ ላይ፣ ከዓመቱ ማብቂያ በኋላ ቴኒስ በቃኝ አለች። የምትወጣበትን ቀን ራሷ መርጣ ነበር። አንቺ ግን በአንድ የዞን ውድድር፣ ያውም በ17 ዓመትሽ፣ ሌላ ሰው ሳያስወጣሽ ራስሽን ልታስወጪ ነው።

2. ዕድሜሽን እንዳትቀንሺ። ያ ከከተማ የመጣው ደላላ «15 እናደርግሻለን፣ ከታዳጊዎች ጋር ትሮጫለሽ» እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ሊታለል ይችላል፤ ጉልበትሽ ግን ያንኑ 17 ዓመት ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። ሁለት ዓመት ከሕፃናት ጋር ሮጠሽ ታሸንፊያለሽ፤ ከዚያ እውነተኛዎቹ እኩዮችሽ ሲመጡ በልምምድ ሳይሆን በወረቀት የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል። ደግሞስ እናትሽ ያንቺን ልደት በደንብ ታስታውሳለች፤ እኔም ገንፎውን በልቻለሁ።

3. ደራርቱን እንደ ሐውልት አትዪያት። ሁላችሁም የምታውቁት ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን ነው። 20 ዓመቷ ነበር። እኔ የምነግርሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷን ታመመች። በ1987 ወደ እንግሊዝ ዳረም ለዓለም አገር አቋራጭ ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ጣቢያ አንድ ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ተገትራ፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ደረሰች፤ አሸነፈች። በ1988 አትላንታ ላይ 4ኛ ወጣች፤ ሜዳሊያ የለም። በ1990 ልጅ ወለደች። ያኔ «ደራርቱ አበቃላት» ያለውን ሰው ብትቆጥሪ ደምበጫ ገበያ አይበቃውም፤ እኔም አንዷ ነበርኩ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ 30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጣ፣ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብራ፣ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። የመጨረሻዋን ዙር የሮጠችው በ60 ሰከንድ ገደማ ነው፤ አንቺ ትኩስ ሆነሽ 400 ሜትር ብቻ ብትሮጪ ስንት ይፈጅብሻል? በአቴንስ ኦሊምፒክ ነሐስ ጨመረች። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

ከባርሴሎና እስከ ኒው ዮርክ 17 ዓመት ነው። አንቺ እስከ ዛሬ የኖርሽውን ዕድሜ ያህል ማለት ነው።

4. ርቀቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል። 800 ሜትር ላይ 7ኛ የወጣሽው ሰነፍ ስለሆንሽ ነው ብለሻል። ትዕግሥት አሰፋም የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። በ2008 ሪዮ ላይ በዚያው ርቀት ሮጣ ከማጣሪያው አላለፈችም። የተረከዝ ጅማቷ የመም ጫማውን እንቢ አላት። ዞር ብላ ወደ ጎዳና ወጣች። በ2015 መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በዓመቱ፣ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እዚያው በርሊን 2:11:53 ገባች። የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው ያሻሻለችው። ፓሪስ ላይ ደግሞ ከ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ በ3 ሰከንድ ወርቁን ለሲፋን ሐሰን አስረክባ ብር ያዘች፤ በሚያዝያ 2017 ለንደንን አሸነፈች። ሦስት ሰከንድ አሳዝኗት ቤቷ ብትቀር ኖሮ ለንደን የለም።

ይህን ስልሽ ግን ነገ ተነስተሽ ማራቶን ሩጪ ማለቴ አይደለም፤ አንቺ ሰው የነገረሽን ግማሹን ብቻ ነው የምትሰሚ። ለጊዜው 1500ን ሞክሪ። ከዚያ በላይ ላለው አጥንትሽ ይጠንክር።

5. ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቢው። በ1976 ዓ.ም. እኔ 16 ዓመቴ ነበር። ለአውራጃ ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረን ግራ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች መርፌ እየረገጥኩ እንደምሄድ ነበር። አሰልጣኙ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ሲሞቅ ይተውሻል» አለኝ። እውነትም ሲሞቅ ይተወኝ ነበር፤ ያታለለኝም ይኸው ነው። የውድድሩ ቀን ሁለተኛው ዙር ላይ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል እኔው ሰማሁት። ወጌሻ አሸኝ፣ በቀርከሃ ታሰርኩ፣ ዳንኩም። ሩጫው ግን ተመልሶ አልመጣም። እስከ ዛሬ ሰኔ ሲገባ ዝናቡን ከሰው ሁሉ ቀድማ የምታውቅ ይቺ እግሬ ናት።

እንግዲህ ቅልጥምሽ ካመመሽ በአውራ ጣትሽ ዳብሺው። ሕመሙ በባትሽ ዳር ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ቀለል አድርገሽ ጥቂት ቀን አርፈሽ እዪው። ሳንቲም በምታህል አንዲት ቦታ ላይ ሲነካ የሚያስጮህ ከሆነ ግን አጥንቱ ነው፤ በዚያው ቀን አቁሚ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስድስት ስምንት ሳምንት ይፈጅብሽ ይሆናል። ስድስት ሳምንት ምንድን ነው? እኔ አርባ ሁለት ዓመት ቆጥሬያለሁ።

ሌላም አለ፤ ወንድ አሰልጣኝ አይነግርሽምና እኔ ልንገርሽ። የወር አበባሽ ሦስት ወር ተከታታይ ከቀረ ደስ አይበልሽ። «ሰውነቴ ቀለለ፣ ሯጭ ሆንኩ» የሚሉ ልጆች አስተምሬያለሁ። የምትበይው ለምትሮጪው አልበቃም ማለት ነው፤ ሰውነትሽ ከአጥንትሽ እየተበደረ ነው። ለመክሳት ብለሽ እራትሽን አትዝለይ። ጠዋት በሶሽን በጥብጠሽ፣ ከልምምድ መልስ ጤፉንም ሽሮውንም አይቡንም ሳትቆጥቢ ብዪ። እናትሽ «ይቺ ልጅ ጎተራ ታራግፋለች» ብትል ወደኔ ላኪያት።

6. ጓዳሽን ዕወቂ። ሳራ ኤራኒ የምትባል ሌላ ጣልያን ቴኒስ ተጫዋች አለች፤ ቁመቷ ካንቺ አይበልጥም። በ2009 የካቲት ሲመረምሯት በሰውነቷ ውስጥ የጡት ካንሰር መድኃኒት ተገኘ። መድኃኒቱ የእናቷ ነበር፤ ቤት ውስጥ ምግብ ሲሠራ ገብቶበት ነው ተባለ። ሆን ብላ እንዳልወሰደችው ዳኞቹ ቢቀበሉም መጀመሪያ ሁለት ወር፣ በይግባኝ ደግሞ አሥር ወር ታገደች። «አላወቅሁም» ማለት አያድንም፤ በሰውነትሽ የተገኘ ሁሉ ያንቺ ነው። ስለዚህ የጓደኛሽን ክኒን፣ ገበያ ላይ በላስቲክ የሚሸጠውን «የጉልበት ዱቄት»፣ አሰልጣኝ ስሙን ሳይነግርሽ የሚወጋሽን መርፌ፣ ሁሉንም እምቢ በይ። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝልሽ ሯጭ መሆንሽን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ስሙን አስጽፈሽ ያዢ።

ኤራኒ ምን ሆነች መሰለሽ? ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከጃስሚን ፓኦሊኒ ጋር በጥንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ ለጣልያን በቴኒስ የመጀመሪያው ወርቅ። ዕድሜዋ? 37። ደራርቱ ኒው ዮርክን ያሸነፈችበት ዕድሜ! እኔ በ37 ዓመቴ አያት ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

7. ትዳር። አገራችንን ታውቂያታለሽ፤ ልጅቷ ጡት ስታወጣ ሽማግሌ በር ያንኳኳል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ሕጉን የሚያስታውስ ሰው ግን በሠርግ ቤት አይጠራም። አባትሽ ልቡ ደግ ነው፤ ሽማግሌ ቢመጣበት እኔ እመጣለሁ፣ ጋቢዬን ለብሼ ከሽማግሌዎቹ መሐል እቀመጣለሁ። ከ18 በኋላ ማግባት ብትፈልጊ ደግሞ «ሩጫዬ ሞተ» አትበይ። ጥሩነሽ ዲባባ ልጇን ወልዳ በዓመት ከምናምን ወር ሪዮ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ29:42 ሮጣ ነሐስ አገኘች። ቤጂንግ ላይ በ29:54 ወርቅ ወስዳ ነበር። ከወለደች በኋላ ፈጠነች እንጂ አልዘገየችም። ብቻ የምታገቢው ሰው ልምምድ ስትወጪ ሕፃኑን የሚያቅፍ ይሁን። ይህን ከመታጨትሽ በፊት ጠይቂው።

8. ወረቀት ሳታነቢ አትፈርሚ። ክለብ ቢሆን፣ ማናጀር ቢሆን፣ ያ ደላላም ቢሆን። ማናጀር አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አሥራ አምስት ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ የሚልሽን ለምን እንደሆነ ጠይቂው። የውጭ ውድድር ሽልማት ደግሞ በማግስቱ እጅሽ አይገባም፤ የአበረታች ቅመም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ወራት ይቆያል። በዚያ መሐል «ላበድርሽ» የሚል አይጠፋም። ፓስፖርትሽን ማንም ቢሆን አይያዝልሽ።

9. አሥረኛ ክፍልን ጨርሺ። በዚህ አልከራከርም።

10. አዲስ አበባ ካልሄድኩ አልሽ። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ የበቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር፤ እንደኔው ጠመኔና ፊሽካ ይዞ። መጀመሪያ የሮጡት በትምህርት ቤታቸው ሜዳና በጫካው ዙሪያ ነው። ከፍታ ከፈለግሽ ደጋ ዳሞት ከበላያችን አለ፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ወደ ፈረስ ቤት አቀበቱን እንወጣዋለን። አንድ ዓመት እዚሁ እንሥራ። ክለብ የሚፈልግሽ ከሆነ ሰዓትሽን አይቶ ይጠራሻል፤ ያኔ እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ። ባለፈው ዘመን አንዲት ተማሪዬን ለማያውቃት ሰው አሳልፌ ሰጥቼ፣ በሁለተኛው ዓመት የሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር አገኘኋት። ሁለተኛ አልሠራውም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተምጫ ድልድይ ጋ እጠብቅሻለሁ። አዲሱን ጫማ ተይው፤ ያንኑ አሮጌውን አድርጊ። የእጅ ሰዓቴን አመጣለሁ፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በክር ሰፍቼዋለሁ፣ ሰከንዱ ግን ልክ ነው። ፍጥነት የለም፤ ለአርባ ደቂቃ እያወራሽ መሮጥ የምትችዪውን ያህል ብቻ። የምታወሪው ካጣሽ 48 ጊዜ ያለ ነጠላ ዋንጫ ስለ ተመለሰችው ጣልያን ንገሪኝ፤ በትክክል አንብበሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

እትዬሽ
ደምበጫ