በሙዚየም ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?

ቀደም ባለው ጊዜ የሙዚየም ባለሙያ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቁልፍ ይዞ የሚዞር፣ አቧራ የሚያራግፍ፣ ከዕቃው ሥር «ጋሻ፤ ከቆዳ የተሠራ» የሚል ካርድ የሚለጥፍ ሰው ነበር። ዛሬ የሥራው ክብደት ወደ ሌላ ጥያቄ ዞሯል። ይኸውም ዕቃው እንዴት ይደርደር? ስለ እሱስ ማን ይናገር? የሚል ነው።

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያየ ነገሩ ይገባዋል። የሕዝቦች መገልገያዎች እዚያ የተሰናዱት በየብሔረሰቡ ሳይሆን ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት እየተባለ በሰው የሕይወት ጉዞ ነው። ተመልካቹ «ይኼ የእነ እገሌ ነው» ብሎ ከማለፉ በፊት ልጅ ማሳደግና ሙታንን መሸኘት የሁሉም ጉዳይ መሆኑን ያያል። ዕቃው ያው ነው፤ አደራደሩ ግን ሌላ ትምህርት ሰጠ።

የውጪው ጉዳይ ይከብዳል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ቅርሶች በየሙዚየሙ ተበትነዋል። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. የወርቁን ዘውድና ጽዋ ለእይታ ሲያቀርብ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አማክሯል፤ ዝርፊያውንም አልሸሸገም። ጥሩ ነው። ታዲያ መማከር ሌላ፣ መመለስ ሌላ! የሙዚየሙ ኃላፊ ያኔ ያቀረቡት ሐሳብ የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር። የገዛ ንብረትን በውሰት! የብሪታንያ ብሔራዊ ጦር ሙዚየም ግን በ2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስን ፀጉር መልሷል።

ከሁሉም የሚያስገርመው በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የ11 ጽላቶች ነገር ነው። ጽላትን ከካህን በቀር ማንም ሊያየው አይገባም። ሙዚየሙም ይህን ተቀብሎ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ አያዩዋቸውም። የአገሩ ሕግ ከስብስቡ ዕቃ ማውጣትን በጣም ያጠብባል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ለመያዝ የማይበጅና መውጣቱ አጥኚዎችን የማይጎዳ ከሆነ ይፈቅዳል። እስቲ ማንም እንዲያጠናው ያልተፈቀደ ዕቃ ቢወጣ የትኛው አጥኚ ይጎዳል?

ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። ተማሪዎችን ወደ ሙዚየም ስንወስድ «የዕቃዎቹን ስም ጻፉ» ማለቱ ብቻ አያዋጣም። ካርዱን ማን ጻፈው? ምን አስቀረ? ብለው ይጠይቁ። በትምህርት ቤታችን ፔዳጎጂካል ማዕከል የምናኖረው እንስራም ቢሆን ካርዱ ላይ የሸክላ ሠሪዋ ቃል ይግባበት፤ ጭቃውን ከየት እንዳመጣችው፣ በምን እንደተኮሰችው እሷ ትንገረን።