የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፦ ወጪውንና ጥቅሙን አመዛዝኖ ስለ መወሰን

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ምርት ሰብስበው ይሸጣሉ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላሉ፤ በዱቤ የሰጡትንም ያስመልሳሉ። ይህ ሁሉ ሥራ በየቀኑ አሃዝ ያስገኛል። አሃዙን በኮምፒዩተር መዝግቦ፣ ደምሮና አነጻጽሮ በሠንጠረዥና በሥዕል የሚያሳይ የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር እንዲገዙ የሚጠየቁ ማኅበራት አሉ።

ሶፍትዌሩ የሚገዛው በአባላት ገንዘብ ነው። ሳይመዛዘን የተፈጸመ ግዢ የዓመቱን የትርፍ ክፍፍል ይቀንሳል። በአንጻሩም ጠቃሚ የሆነውን መሣሪያ በፍርሃት መተው ዘር በመጋዘን እንዲያድር፣ ዱቤም ሳይሰበሰብ እንዲቀር ያደርጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት አመራር አባላት ጉዳዩን አስልተው እንዲወስኑ መርዳት ነው።

2. የማመዛዘኛው ዘዴ

የማዳበሪያ መጠንን ለማወዳደር የምንጠቀምበት ከፊል በጀት ለዚህም ያገለግላል። በከፊል በጀት የሚመዘገበው በለውጡ ምክንያት የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ብቻ ነው። ሶፍትዌር ተገዛም አልተገዛም የማይለወጡት የመጋዘን ኪራይና የጥበቃ ደመወዝ በስሌቱ አይገቡም።

ሁለት ደንቦችን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሀ. ሶፍትዌር በራሱ ገቢ አያስገኝም። ገቢ የሚገኘው በእርሱ ምክንያት አንድ ውሳኔ ሲለወጥ ነው። የተሻለ ሥዕል ማየት ብቻውን በብር አይተመንም። ስለዚህ «የትኛው ውሳኔ፣ በማን፣ መቼ ይለወጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት ጥቅም አይቆጠርም።

ለ. ማወዳደሪያው የዛሬው መዝገብ ብቻ መሆን የለበትም። በመካከል ያለው ርካሽ አማራጭ፣ ማለትም በሚገባ የተያዘ የኤክሴል ወይም በነጻ የሚገኘው የሊብሬኦፊስ ሠንጠረዥ፣ አብሮ መሰላት አለበት።

3. የሚረሱ ወጪዎች

የሻጩ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የፈቃዱን ክፍያ ብቻ ያሳያል። ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት መታሰብ አለባቸው።

- የመዝጋቢ ጉልበት። ደረሰኙን በየዕለቱ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሰው ከሌለ ሶፍትዌሩ ባዶ ጎተራ ነው።
- መዝገብ ማጥራት። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ የመዘገበው አንድ አባል በኮምፒዩተር ሁለት ሰው ይሆናል። ቋሚ የአባልነት ቁጥር ሳይሰጥ ሥራ ቢጀመር የዱቤው ድምር ይሳሳታል።
- የዘመን አቆጣጠርና የመለኪያ ማስተካከያ። ሶፍትዌሩ 13ኛ ወር ጳጉሜንን፣ ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት፣ እንዲሁም 17 ኪሎ የሆነውን ፈረሱላ የማያውቅ ከሆነ ማስተካከያው ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል።
- መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፣ ኢንተርኔት፣ ጥገና፣ እንዲሁም ሠራተኛ ሲለቅ የሚደገም ሥልጠና።
- የውጭ ምንዛሪ ለውጥ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ፈቃድ ይህን አደጋ በማኅበሩ ላይ ይጥላል።

4. የስሌት ምሳሌ

አንድ የእህል ዩኒየን እንውሰድ። አሃዞቹ ዘዴውን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ ዩኒየን በራሱ አሃዝ ይተካቸው። ሁለቱም አማራጮች ከዛሬው የእጅ መዝገብ ጋር ይነጻጸራሉ።

አማራጭ 1፦ የተሻሻለ የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ (በዓመት)
የመዝጋቢ ተጨማሪ ጊዜ 60,000 ብር
ሥልጠና 30,000 ብር
ጠቅላላ ተጨማሪ ወጪ 90,000 ብር
ሳይሸጥ የሚያድር የስንዴ ዘር በ40 ኩንታል ሲቀንስ፣ በኩንታል 3,000 ብር፣ 120,000 ብር
የተረፈ የጭነት ወጪ 60,000 ብር
ዱቤ ቶሎ በመሰብሰቡ የተረፈ የባንክ ወለድ 60,000 ብር
ጠቅላላ ጥቅም 240,000 ብር
የተጣራ ጥቅም 150,000 ብር

አማራጭ 2፦ የመተንተኛ ሶፍትዌር (በዓመት)
ፈቃድ 180,000 ብር
የመዝጋቢ ደመወዝ 120,000 ብር
300,000 ብር የተገዙ ኮምፒዩተሮችና ባትሪ ለ4 ዓመት ሲከፋፈል 75,000 ብር
ኢንተርኔትና ጥገና 60,000 ብር
ሥልጠና 45,000 ብር
ጠቅላላ ተጨማሪ ወጪ 480,000 ብር
የሚያድር ዘር በ50 ኩንታል ሲቀንስ 150,000 ብር
የተረፈ የጭነት ወጪ 210,000 ብር
የተረፈ ወለድ 240,000 ብር
ጠቅላላ ጥቅም 600,000 ብር
የተጣራ ጥቅም 120,000 ብር

ከዛሬው መዝገብ ጋር ብቻ ሲነጻጸር ሶፍትዌሩ አትራፊ ይመስላል። ነገር ግን ከአማራጭ 1 ወደ አማራጭ 2 ለማለፍ ተጨማሪው ወጪ 390,000 ብር ሲሆን ተጨማሪው ጥቅም 360,000 ብር ብቻ ነው። ዩኒየኑ በዓመት 30,000 ብር ይጎዳል። የፈቃዱ ዋጋ በምንዛሪ ምክንያት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ሶፍትዌሩ ከዛሬው መዝገብ ጋር ሲነጻጸር እንኳ 60,000 ብር ያከስራል።

ይህ ማለት ግን ሶፍትዌር ምን ጊዜም አይጠቅምም ማለት አይደለም። የዩኒየኑ ሥራ እጥፍ ቢሆንና ጥቅሞቹም በዚያው ልክ ቢያድጉ የአማራጭ 1 ጥቅም 480,000፣ ወጪው 150,000 ብር ይሆናል እንበል። የአማራጭ 2 ጥቅም 1,200,000 ብር ሲሆን፣ ፈቃዱ ሳይጨምር አንድ መዝጋቢ ብቻ ስለሚታከል ወጪው 600,000 ብር ነው። ያን ጊዜ ተጨማሪው 450,000 ብር ወጪ 720,000 ብር ያስገኛል፤ ወጪው ሲነሳ 270,000 ብር ይተርፋል። የተጨማሪው ወጪ ተመላሽ 60 በመቶ ይሆናል።

ይህ በቂ ነውን? ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ገበሬው አዲስ ዘዴ እንዲቀበል ተመላሹ ቢያንስ ከ50 እስከ 100 በመቶ መሆን እንዳለበት አመልክቷል። መመሪያው የተዘጋጀው ለማሳ ሥራ ቢሆንም ገንዘቡ የገበሬው ስለሆነ ይህን መለኪያ ለማኅበራትም መነሻ ማድረግ ተገቢ ነው እንላለን። ሠራተኞቹ ለአሠራሩ አዲስ ከሆኑ ወደ 100 በመቶ መጠጋቱ ይመረጣል።

5. ከግዢ በፊት መደረግ ያለባቸው

1ኛ. ያለፉት ሁለት ዓመታት ኪሳራ የት እንደደረሰ ከመዝገብ ይለይ፤ ያደረ ዘር፣ ባዶ የተመለሰ መኪና፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ እያንዳንዱ በብር ይተመን።
2ኛ. ለእያንዳንዱ ኪሳራ ውሳኔ ሰጪው ይታወቅ። ሪፖርቱ ከስብሰባው ቀን በኋላ የሚደርስ ከሆነ አይጠቅምም።
3ኛ. መዝገቡ በቅድሚያ በሠንጠረዥ አንድ የመኸር ወቅት ይያዝ። በሠንጠረዥ ያልተስተካከለ መዝገብ በሶፍትዌር አይስተካከልም።
4ኛ. እንደ ሠርቶ ማሳያ ማሳ ሁሉ ሶፍትዌሩ በአንድ መጋዘን ይሞከር፤ ሌላው መጋዘን በነበረበት አሠራር ይቀጥልና ውጤታቸው ይነጻጸር።
5ኛ. ውል ሲፈረም ክፍያው በብር እንዲሆን፣ ውሉ ሲቋረጥም ማኅበሩ መረጃውን በሙሉ ይዞ እንዲወጣ ይጻፍ። የአባላት ስምና የዱቤ ሁኔታ የግል መረጃ ስለሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መከበር አለበት።
6ኛ. ስሌቱ ለጠቅላላ ጉባዔ ይነበብ። ከፋዩ አባሉ ነው፤ ወጪውንና ተመላሹን በብር የመስማት መብት አለው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የሶፍትዌር ዋጋ የሚመዘነው በሚያስለውጠው ውሳኔ ነው። አነስተኛ ማኅበራት መዝገባቸውን በሚገባ በሠንጠረዥ እንዲይዙ፣ ሥራቸው የሰፋ ዩኒየኖችም ከሙከራ በኋላ የተጨማሪውን ወጪ ተመላሽ አስልተው እንዲወስኑ እንመክራለን። የልማት ሠራተኛውም ስሌቱን ከማኅበሩ ሒሳብ ሹምና ከቁጥጥር ኮሚቴው ጋር አብሮ ይሥራ፤ በዓመቱ መጨረሻም የታሰበው ጥቅም በእርግጥ መገኘቱን በዚያው ሠንጠረዥ መልሶ ይመርምር።